የዲዛይነር ልብስ በመደብር ዋጋ፦ ሳትሸወዱ እንዴት ትገዛላችሁ?

“ኤች ኤንድ ኤም ከአንድ ትልቅ ዲዛይነር ጋር ኮሌክሽን ሊያወጣ ነው አሉ። እንዴት ነው የማገኘው? ደግሞስ ይረባል?” የስዊድኑ የልብስ መደብር ኤች ኤንድ ኤም አዲስ ኮሌክሽን፣ ማለትም አብሮ የሚወጣ የልብስ ስብስብ፣ ባስነገረ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይደርሰኛል። አንዳንዱ ጠያቂ ዱባይ፣ ቴል አቪቭ ወይም ዋሽንግተን ይኖራል፤ መደብሩ ቅርቡ ነው። ሌላው አዲስ አበባ ሆኖ ውጭ አገር ባለች እህቱ በኩል ማስገዛት ይፈልጋል። ለሁሉም የምመልሰው ይኸው ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ምን እንደምትገዙ እወቁ። በእነዚህ ሥራዎች ዲዛይነሩ ልብሱን ይነድፋል። መደብሩ ደግሞ ሌላውን ልብሱን በሚያሠራባቸው ፋብሪካዎች ያስመርተዋል፤ በራሱ የዋጋ ደረጃም ይሸጠዋል። ስለዚህ የምታገኙት የዲዛይነሩን ቅድና ዓይን ነው። የእሱን ጨርቅና የእሱን ሰፊዎች እጅ አታገኙም። ከታች ያለው ምርጫ ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለስላሳ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ በሴንቲሜትር የሚለካ
- ልካችሁ የሆነ አንድ ሸሚዝ፣ አንድ ሱሪና አንድ ጃኬት
- የመደብሩ መተግበሪያ የተጫነበት ስልክና በስማችሁ የተከፈተ አካውንት
- በኢንተርኔት የሚከፍል ካርድ፣ የባንኩ ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣበት ሲም ካርድም አብሮ
- የምትፈልጉትን ልብስ፣ መጠኑንና የዋጋ ጣሪያውን የምትጽፉበት ወረቀት
- መደብር ሄዳችሁ የምትገዙ ከሆነ ከሰውነት የሚጣበቅ ቀጭን ቲሸርትና ታይት። መለኪያ ክፍሉ ሊጨናነቅ ወይም ሊዘጋ ይችላል፤ በላዩ ላይ ደርባችሁ ትሞክራላችሁ።

ደረጃ 1፦ የአንድ ቀን ነው ወይስ የሚቆይ? ለዩ

ኤች ኤንድ ኤም ከ2004ቱ የካርል ላገርፌልድ ኮሌክሽን ጀምሮ የእንግዳ ዲዛይነሮችን ሥራ የሚያወጣው በተወሰነ ብዛት፣ በተቆረጠ ቀን ነው። የአሜሪካው መደብር ታርጌትም እንዲሁ። በሴፕቴምበር 2011 የጣሊያኑን ፋሽን ቤት የሚሶኒን ኮሌክሽን ያወጣ ዕለት ድረገጹ ከሰው ብዛት ተዘጋ። በ2015 የሊሊ ፑሊትዘር ልብሶች በሰዓታት ውስጥ አለቁ።

የጃፓኑ መደብር ዩኒክሎ ግን ሌላ መንገድ አለው። ዲዛይነር ክሪስቶፍ ለሜር የሚመራው ኮሌክሽን ዩኒክሎ ዩ ከ2016 ጀምሮ፣ የክሌር ዌይት ኬለር ዩኒክሎ ሲ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ በየወቅቱ ይወጣሉ፤ ለሳምንታትም መደርደሪያ ላይ ይቆያሉ።

ይህን መለየት የሚጠቅመው ለሚቆየው ኮሌክሽን መሽቀዳደም ስለማያስፈልግ ነው። ሄዳችሁ፣ ነክታችሁ፣ ለክታችሁ ግዙ። ከደረጃ 6 እስከ 8 ያለውን ዝለሉት። በበኩሌ በዚህ መንገድ የጀመረ ሰው ብዙም ሲያዝን አላየሁም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገዙ ከሆነ ከዚህ ጀምሩ።

ደረጃ 2፦ ቢበዛ ሦስት ልብስ ምረጡ

ፎቶዎቹና ዋጋዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከሽያጩ ቀን ቀደም ብለው ይወጣሉ። አይታችሁ ሦስት ምረጡ፤ በቅደም ተከተልም ጻፏቸው። ለምን ሦስት? የሽያጩ ዕለት የሚኖራችሁ ጊዜ ከዚያ በላይ አያስኬድም። አራተኛውን ስትፈልጉ የመጀመሪያው ያልቅባችኋል።

ምርጫው ላይ ረጋ በሉ፤ ገንዘባችሁ የሚተርፈውም የሚባክነውም እዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ልብስ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የዲዛይነሩ ችሎታ ያለው የትኛው ላይ ነው? ዋጋው ሲወርድስ ያ ነገር አብሮ ይወርዳል?

ቅድ አይወርድም። የኮት አንገት አቀማመጥ፣ የትከሻ መስመር፣ የሱሪ አወራረድ በወረቀት ላይ የሚወሰን ነገር ነው። ወረቀቱ አንዴ በትክክል ከተሠራ ፋብሪካው አንድም ሰፋ ሺህ ያው ነው። ጀርመናዊቷ ዲዛይነር ጂል ሳንደር ለዩኒክሎ በ2009 የጀመረችው፣ በ2020 ደግሞ ተመልሳ የሠራችው ኮሌክሽን ጥንካሬው እዚህ ነበር፦ ነጭ ሸሚዝ፣ ቀጥ ያለ ኮት፣ ምንም ጌጥ የሌለው። የቀለም ውህደትና የጨርቅ ላይ ኅትመትም አይወርድም፤ ማሽን ነው የሚያትመው። የጣሊያኑ ፋሽን ቤት ማርኒ በ2012 ለኤች ኤንድ ኤም የሠራው ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

የእጅ ሥራ ግን ይወርዳል። በጨሌ የተሸፈነ ጃኬት፣ ጥልፍ፣ ዳንቴል፣ ቆዳ። የፈረንሳዩ ፋሽን ቤት ባልማን ከኤች ኤንድ ኤም ጋር የሠራው ኮሌክሽን በ2015 ሲወጣ በጨሌ ያጌጠው ጃኬት አሜሪካ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነበር። ከባልማን ከራሱ ጃኬት ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው፤ የባልማኑ በሺዎች ይቆጠራል። ለመደብሩ ልብስ ግን በጣም ውድ ነው፤ ጨሌ ደግሞ አንዱ ክር ሲበጠስ ሌላውን አስከትሎ ይረግፋል።

እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ አንሄድም። የሞዴሏ ሊያ ከበደ የልብስ ድርጅት ለምለም የታወቀው በሀገራችን ሸማኔዎች የእጅ ሥራ ነው፤ በ2021 ከኤች ኤንድ ኤም ጋርም ኮሌክሽን አውጥቷል። ለብዙ አገር መደብሮች የሚመረት ልብስ በእጅ ተሸምኖ አይደረስም። ከእንዲህ ያለ ኮሌክሽን ውስጥ የምትመርጡት እንግዲህ ቀለሙንና ቅርጹን ነው። ሽመናውን የፈለገ ሰው ከምንጩ ይግዛ።

ደረጃ 3፦ የጨርቁን ዝርዝርና የእጥበቱን ምልክት አንብቡ

በድረገጹ ላይ ከዋጋው በታች ጨርቁ ከምን እንደተሠራ በመቶኛ ተጽፏል። ኮት ከሆነ የሱፉን ድርሻ እዩ። ከግማሽ በላይ ሱፍ ከሆነ ያሞቃል፣ ቅርጹንም ይይዛል። ሰው ሠራሽ ክር የበዛበት ከሆነ ብብት ሥርና ቦርሳ የሚፋተግበት ቦታ ላይ ትንንሽ እንክብሎች ያወጣል። ገበሩ ለብቻው ይጻፋል፤ እሱንም አንብቡ። ሐር የሚመስል ቀሚስ በዚህ ዋጋ ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ወይም ቪስኮስ ነው። ቪስኮስ ገላ ላይ ደስ ይላል፤ ግን በሙቅ ውኃ ሲታጠብ ይኮማተራል።

የእጥበት ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ውኃ ያለበት ሳፋ ማለት ይታጠባል። ሳፋው ውስጥ እጅ ካለ በእጅ ብቻ። ሳፋው ላይ መስቀለኛ ጭረት ካለ ውኃ አይንካው። ፊደል ያለበት ክብ ማለት ላውንደሪ ውሰዱት ማለት ነው። ሦስት ማዕዘን ላይ መስቀለኛ ጭረት ካለ በረኪና አታስነኩ። ካውያው ላይ አንድ ነጥብ ካለ በትንሽ ሙቀት ተኩሱ።

ይህን ቀድማችሁ የምታነቡት ወጪውን ለማወቅ ነው። ላውንደሪ ብቻ የሚል ልብስ በለበሳችሁት ቁጥር ያስከፍላችኋል። ያንን ዋጋው ላይ ደምሩት።

ደረጃ 4፦ ለኩ

“ሁልጊዜ ኤም ነው የምለብሰው” እዚህ አይሠራም። ባልማንና ሙግለር የተባሉት የፋሽን ቤቶች ሰውነት ላይ ጥብቅ የሚል ቅድ ነው ያላቸው። ማርጂዬላ ወይም ሮክ የሚባሉት ደግሞ ሆን ብለው ያሰፋሉ። በአንዱ መደብር ውስጥ ያው ፊደል ከኮሌክሽን ኮሌክሽን ይለያያል።

መጀመሪያ ገላችሁን ለኩ፦ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ። ሜትሩ አይጥበቅ፤ እስትንፋስም አትያዙ። ቀጥሎ ልካችሁ የሆነውን ሸሚዝ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ከብብት እስከ ብብት ለክታችሁ በሁለት አባዙት። ከዚያ የትከሻ ስፌት እስከ ትከሻ ስፌት፣ የእጅጌ ርዝመት፣ ከማጅራት እስከ ታች። ሱሪው ላይ ወገብ፣ ዳሌና የውስጥ እግር ርዝመት። ሁሉንም ጻፉ።

ሁለቱም የሚለኩት የመደብሩ ሰንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ የገላን ልክ እንጂ የልብሱን ልክ ስለማይናገር ነው። ደረታችሁ 92 ሴንቲሜትር ከሆነ ልካችሁ የሆነ ሸሚዝ 100 አካባቢ ይሆናል፤ ለመንቀሳቀስ ክፍተት ያስፈልጋል። የገላን ቁጥር ከልብስ ቁጥር ጋር ያደባለቀ ሰው አንድ መጠን ይስታል።

ሁለት መጠን መሃል ከሆናችሁና ጨርቁ የማይለጠጥ ከሆነ ትልቁን ውሰዱ። ልብስ ሰፊ ማጥበብ ይችላል። ማስፋት ግን አይችልም፤ የፋብሪካ ልብስ ስፌቱ ውስጥ የሚተርፈው ጨርቅ አንድ ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። ወገብ፣ ርዝመትና እጅጌ በቀላሉ ይስተካከላሉ። ትከሻ ግን ልብሱን ፈትቶ እንደገና መስፋት ነው። ስለዚህ ጃኬትና ኮት ስትመርጡ ትከሻው ይግጠም እንጂ ሌላው ይደረስበታል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሆን ተብሎ የተሰፋ ልብስ በዛብኝ ብላችሁ ሁለት መጠን አትውረዱ። ኪሱና ክርኑ ከቦታቸው ይወጣሉ፤ የከፈላችሁበት ቅርጽም ይጠፋል።

ደረጃ 5፦ የዋጋ ጣሪያ ጻፉ

ለእያንዳንዱ ልብስ የመጨረሻ ዋጋ ጻፉ። የማድረሻ ክፍያን፣ የልብስ ሰፊንና የላውንደሪን ጨምሩበት። የምትጽፉት ከሽያጩ በፊት ይሁን። ሰዓት እየቆጠረ ሰው አያስብም።

ደረጃ 6፦ አካውንቱን ቀድማችሁ አዘጋጁ

ስም፣ አድራሻና ካርድ ከቀናት በፊት አስገቡ። ከዚያ ካልሲም ቢሆን አንድ ትንሽ ነገር ገዝታችሁ ሞክሩ። ምክንያቱም ብዙ ባንኮች በመጀመሪያው ክፍያ ላይ ኮድ ይጠይቃሉ ወይም ካርዱን ያግዳሉ። ይህ የሽያጩ ዕለት ከደረሰባችሁ ባንክ ደውላችሁ እስክትጨርሱ ልብሱ አልቋል። ኮዱ የሚመጣበት ሲም በእጃችሁ መሆኑን አረጋግጡ። ካርዱ የባለቤታችሁ ከሆነ እሱ ወይም እሷ በዚያ ሰዓት ስልክ የሚያነሱ ይሁኑ።

ከመደብር የምትገዙ ደግሞ ቅርንጫፉን አረጋግጡ። እነዚህን ኮሌክሽኖች ሁሉም ቅርንጫፍ አይሸጥም። ዝርዝሩ መደብሩ ድረገጽ ላይ ይወጣል።

ደረጃ 7፦ ሰዓቱን በሦስት መንገድ ጻፉ

እዚህ ላይ የኛ ሰው ብዙ ይሳሳታል። ሽያጩ በእነሱ አቆጣጠር “10 ሰዓት” ይጀምራል ሲባል በኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። አንዱ በፈረንጅ፣ አንዱ በሐበሻ ቆጥሮ ይተላለፋሉ።

በዚያ ላይ የኦክቶበርና የኖቬምበር ኮሌክሽኖች የሚወጡት አውሮፓና አሜሪካ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ በሚመልሱበት ሰሞን ነው። አውሮፓ በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ፣ አሜሪካ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ይቀይራሉ። የኤች ኤንድ ኤምና የዲዛይነሩ የግሌን ማርተንስ ኮሌክሽን በኦክቶበር 30 ቀን 2025 ሲወጣ ለንደን ቀይራ ነበር፤ ዋሽንግተን ገና አልቀየረችም። በዚያ ሳምንት አዲስ አበባ ለንደንን በሦስት ሰዓት፣ ዋሽንግተንን በሰባት ሰዓት ትቀድም ነበር። ከሳምንት በኋላ የዋሽንግተኑ ስምንት ሆነ። ዱባይ ሰዓት ስለማትቀይር ሁልጊዜ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ትቀድማለች።

ስለዚህ እንዲህ ጻፉ፦ “ለንደን ጠዋት 10፤ አዲስ አበባ በፈረንጅ ከቀኑ 1፤ በኛ 7 ሰዓት።” ስልካችሁ ላይ ከሃያ ደቂቃ በፊት የሚጮህ ደወል ሙሉ።

ደረጃ 8፦ የሽያጩ ዕለት

በኢንተርኔት ከሆነ ቀድማችሁ ግቡና አካውንታችሁን ክፈቱ። ድረገጹ ወረፋ ውስጥ ካስገባችሁ ገጹን አታድሱት፤ ብዙ ጊዜ ተራችሁን ታጣላችሁ። ስትገቡ አንደኛውን ልብስ ከነመጠኑ ቅርጫት ውስጥ ጨምሩና ክፈሉ። ቅርጫት ውስጥ ማስገባት በአብዛኛው ቦታ ልብሱን አያስይዝም፤ የከፈለ ይወስደዋል። ሁለተኛውን ከዚያ በኋላ ፈልጉ። ሁለቴ ማድረሻ ብትከፍሉም አንደኛ ምርጫችሁን ከማጣት ይሻላል።

ከመደብር ከሆነ ኤች ኤንድ ኤም በትልልቅ ኮሌክሽኖች ላይ ለተሰለፈው ሰው የእጅ አምባር እያደለ በቡድን በቡድን ሊያስገባ ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ቡድን የተወሰኑ ደቂቃዎች ሊሰጥ ይችላል። ከአንድ ዓይነት ልብስ የሚፈቀደውም ብዛት ሊወሰን ይችላል። ስትገቡ ቀጥታ ወደ አንደኛ ምርጫችሁ። መስቀያው ጋ ቆማችሁ አታስቡ፤ የናንተን መጠንና ቀጣዩን መጠን አንሱና ጥግ ይዛችሁ ለኩ። የማይሆነውን ወዲያው መልሱ፤ ከኋላችሁ የቆመ ሰው አለ።

ደረጃ 9፦ በመጀመሪያው ቀን ፈትሹ

መለያው ሳይቆረጥ፣ ደረሰኙ ሳይጠፋ፣ በቀን ብርሃን። ዚፑን አሥር ጊዜ ክፈቱ ዝጉ። ቁልፎቹን ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ገበሩን ገልብጣችሁ ስፌቱን ተመልከቱ። መስመር ወይም አበባ ያለበት ጨርቅ ከሆነ ጎንና ጎኑ ላይ መገጣጠሙን እዩ። ከዚያ ልበሱትና ተቀመጡ፣ እጃችሁን ወደ ላይ አንሱ፣ ጎንበስ በሉ።

ጊዜው ያለፈበት ጉድለት የናንተ ይሆናል። ለእነዚህ ኮሌክሽኖች የመመለሻ ጊዜው ከተለመደው ሊያጥር ይችላል፤ ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡት፣ ቀኑንም ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

ደረጃ 10፦ ካመለጣችሁ

ያን ዕለት ከአትራፊ አትግዙ። ብዙ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ገዝቶ ይመልሳል፤ የተመለሰው እንደገና ድረገጹ ላይ ይወጣል። የመመለሻ ጊዜው እስኪያልቅ በየቀኑ ጠዋትና ማታ እዩ። ጫማ፣ ጌጣጌጥና ያልተለመደ ቀለም ያላቸው ልብሶች ቆይተው በቅናሽ ሊገኙ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ እንደ ቪንትድና ኢቤይ ያሉ የሁለተኛ እጅ ገበያዎች አሉ። ሳምንታት ሲያልፉ፣ ሆይ ሆይታው ሲበርድ፣ የሚጠየቀው ዋጋም አብዛኛውን ጊዜ ይበርዳል።

አዲስ አበባ ሆናችሁ በሰው የምታስገዙ

ልብሱ እናንተ ጋ ሲደርስ መመለሻው አልፏል። ስለዚህ ፍተሻው እዚያው ማለቅ አለበት። ዘመድ ሥራ አለው፤ ሃያ ፎቶ ልካችሁ “የሚያምረውን ያዢልኝ” አትበሉ። እንዲህ ያለ አንድ መልእክት ይበቃል፦

“እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ሐሙስ የሚወጣውን ኮት ፈልጌ ነበር። አንደኛ ምርጫዬ ጥቁሩ፣ በአውሮፓ ቁጥር 38። ከሌለ 40፤ ከዚያ ውጭ ከሆነ ተዪው። ከዚህ ዋጋ በላይ ከሆነም ተዪው፣ አይከፋኝም። ስታገኚው ትከሻውን ከስፌት እስከ ስፌት ለኪልኝ፤ 40 ሴንቲሜትር አካባቢ ከሆነ ልኬ ነው። ገንዘቡን ዛሬ እልካለሁ። ደረሰኙን አትጣይብኝ።”

የቁጥሩን አገር መጻፍ አትርሱ። የአውሮፓ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ቁጥሮች አይገናኙም። “አይከፋኝም” የሚለውንም አታውጡት። ዘመድ ባዶ እጁን ላለመቅረት ሲል ልካችሁ ያልሆነውን በውድ ይገዛል።

ማስጠንቀቂያ፦ ፎርጅድና የተቆረጠ መለያ

የትብብር ልብስ መለያው ላይ የሁለቱም ስም አለ፤ የዲዛይነሩም የመደብሩም። የመደብሩን ስም ቆርጠው ወይም ሸፍነው “ኦርጅናል ባልማን ነው” ብለው የሚሸጡ አሉ። ከሁለተኛ ሰው ስትገዙ ሦስት ፎቶ ጠይቁ፦ የአንገቱ መለያ፣ በጎን ስፌት ውስጥ ያለው የእጥበት መለያ ከነምርት ቁጥሩ፣ እና ደረሰኙ። የጎኑ መለያ ከተቆረጠ ተዉት። መለያው በጎረበጣቸው ሰዎችም ሊቆረጥ ይችላል፤ እናንተ ግን ማረጋገጫ ሳይኖራችሁ ገንዘብ የምታወጡበት ምክንያት የለም።

ስሙ ስላለበት ብቻ ከዲዛይነሩ ዋና ልብስ እኩል ዋጋ አትክፈሉ። በመደብሩ የዋጋ ደረጃ የተሠራ ልብስ ነው።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

- ስሙ የጎላበትን ቲሸርት መግዛት። ቅዱ ተራ ነው፤ የከፈላችሁት ለጽሑፉ ነው።
- ለመሸጥ ብሎ ተጨማሪ መግዛት። የመሸጫውን ክፍያና ማድረሻውን ስትቀንሱ ትርፉ ያንሳል፤ ካልተሸጠ ደግሞ መመለሻው አልፏል።
- ከሞዴሏ ፎቶ ርዝመትን መገመት። ድረገጹ ላይ የሞዴሏ ቁመት ከተጻፈ ከናንተ ቁመት ጋር አነጻጽሩ፤ እሷ ጋ ጉልበት ላይ የሚያርፍ ቀሚስ እናንተ ጋ ባት ላይ ሊደርስ ይችላል።
- የተገዛውን ሱፍ ኮት በሽቦ መስቀያ ላይ መስቀል። ትከሻው ይጎብጣል። ሰፊ የእንጨት መስቀያ አብራችሁ ግዙ።
- ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታጠብ ከሌላ ልብስ ጋር መቀላቀል። ደማቅ ኅትመት ቀለም ሊለቅ ይችላል፤ ለብቻው፣ ገልብጣችሁ፣ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት።